ቤዙ በየት በኩል ይወጣል?

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ዓይኑ ክፍሉን ይዞራል። ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ከመስኮቱ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ሳጥኖች ላይ ነው። የለንደንን ሳሎን ታውቁታላችሁ፤ ሶፋና ረከቦት ተገፋፍተው በሚኖሩበት ክፍል ወገብ የሚደርስ ስፒከር ማቆም ከድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ይህን ያህል ትልቅ ለምን?" የሚል ነው፤ ባለቤቴም ይህንኑ ስትጠይቅ ዓመታት ሆኗታል። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ "ይቺ ከታች ያለችው ቀዳዳ ምን ትሠራለች?" ነው።

ልጆች አይጠይቁም፤ ይከታሉ። ከዚያች ቀዳዳ ሳንቲም፣ የመኪና አሻንጉሊትና የተነከሰ ብስኩት አውጥቻለሁ። አዋቂዎቹ ይገምታሉ። "ድምፁ ታፍኖ እንዳይቀር ነው" የሚለው ብዙ ደጋፊ አለው። "እንዳይግል መተንፈሻ ነው" የሚልም አይጠፋም። አንድ ዘመዴማ በጣም አዝኖልኝ "ሳይጨርሱት ነው እንዴ የሸጡልህ?" ብሎኛል። እስቲ ዛሬ ስለዚህች ቀዳዳ እንጫወት፤ እንደምትመስለው ቀላል አይደለችም።

መጀመሪያ ሳጥኑ ራሱ ለምን አስፈለገ? ስፒከሩን ከሳጥኑ ፈትታችሁ ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ ብታጫውቱት ዘፋኙን ትሰሙታላችሁ፤ ቤዙ ግን የለም። ኮኑ (ያ የሚርገበገበው የስፒከሩ ገጽ) ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያጨናንቃል፣ ከኋላው ያለውን ያሳሳል። ቀጭን ድምፅ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ወፍራም ድምፅ ላይ ግን የፊቱ አየር በጠርዙ ዞሮ የኋላውን ጉድለት ይሞላል፤ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ አብዛኛው የለንደን ሳሎን ከዚያ ያጥራል። ስለዚህ የኋላውን ድምፅ አንድ ነገር ማድረግ የግድ ነው። አንዱ መንገድ ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ማስቀረት ነው፤ ዝግ ሳጥን የሚባለው ይህ ነው። ሌላው መንገድ ያንኑ የኋላ ድምፅ ገልብጦ ከፊቱ ጋር እንዲያብር ማድረግ ነው። ቀዳዳዋ የመጣችው በዚህ በኩል ነው፤ ፈረንጆቹ ቤዝ ሪፍሌክስ ይሉታል።

እንዴት እንደሚገለበጥ ለማየት ከፊታችሁ ያለው ጀበና ይበቃል። ታጥቦ ባዶ ሲሆን የአንገቱን አፍ ወደ ከንፈራችሁ አስጠግታችሁ በቀስታ ንፉበት። ጎኑ ላይ መቅጃ ያለው ከሆነ መቅጃውን በአውራ ጣት ድፈኑት። "ሁ" የሚል ወፍራም ድምፅ ይሰጣችኋል። አንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ አንድ አካል ሆኖ ወጣ ገባ ይላል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ሲጨመቅ መልሶ ይገፋዋል፣ ሲሳሳ መልሶ ይስበዋል። የአንዱ ክብደትና የሌላው ግፊት ተስማምተው አንድ ድምፅ ይመርጣሉ። ጀርመናዊው ኸርማን ፎን ኸልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቁጭ ብሎ ያጠናው ይህንን ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሆዱ 1 ሊትር፣ አንገቱ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲ ተኩል የውስጥ ስፋት ያለው ጀበና ወደ 110 ኸርዝ ይሰጣል፤ በጊታር ላይ ከወፍራሙ ክር ቀጥሎ ያለው ክር ማለት ነው። ሆዱን ግማሽ ድረስ ውሃ ብትሞሉት ድምፁ ይቀጥናል፤ አየሩ ጠብቧልና። አንገቱን ብታረዝሙት ይወፍራል። አንገቱን ብታሰፉት እንደገና ይቀጥናል። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሰው የስፒከር ሳጥን መቃኘት ጀምሯል፤ ሆዱ የሳጥኑ ስፋት ነው፣ አንገቱ ያቺ ልጆቹ ሳንቲም የሚከቱባት ቱቦ ናት። ከዚህ በኋላ የቀረው ቁጥር ነው።

ይህን ለስፒከር ያዋለው አልበርት ቱራስ የተባለ የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ሰው ነው። በ1930 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ያቀረበው ማመልከቻ በ1932 ፓተንት ሆኖ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት ያህል ሳጥን የሚሠራው ሰው በአብዛኛው በጆሮና በግምት ነበር የሚቃኘው። ለንደን በዚያ ዘመን የስፒከር ከተማ ነበረች። ታኖይ በደቡብ በዌስት ኖርዉድ፣ ጉድማንስ በዌምብሊ፣ ሴለስትየን ከኪንግስተን በኩል ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ሦስቱም ከከተማዋ ከወጡ ቆይተዋል። ግምቱን ወደ ሒሳብ የለወጠው ግን ከነዚህ አንዱ አይደለም። ኔቪል ቲል የሚባል አውስትራሊያዊ መሐንዲስ በ1961 ጥናቱን እዚያው አገሩ አሳተመ፤ ዓለም ሳያየው 10 ዓመት ተቀመጠ። በ1971 የአሜሪካው የድምፅ ምህንድስና ማኅበር መጽሔት እንደገና ሲያትመው ነው ሰው የነቃው። ሪቻርድ ስሞል ደግሞ ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በ1972 እና በ1973 በተከታታይ ጽሑፎች አሰፋው። ስሞል በኋላ ወደዚህ ወደ እንግሊዝ መጥቶ ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ በሜድስተን ባለው በኬኢኤፍ ኩባንያ ሠርቷል። አሁን ሳጥን የሌለውን ስፒከር ብቻውን ስትገዙ አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች የነዚህን የሁለቱን ሰዎች ስም የያዙ ናቸው።

ወረቀቱን ስታዩት አትደንግጡ። ከቁጥሮቹ ውስጥ "ኪውቲኤስ" (Qts) የሚለውን ብቻ ፈልጉ። 0.4 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ስፒከሩ ለቀዳዳ የተፈጠረ ነው። ከ0.5 በላይ ከወጣ ዝግ ሳጥን ይሻለዋል፤ ቀዳዳ ብታበጁለት ከቁጥጥር ወጥቶ ያጓራል። ሰው መንገድ ዳር ከተጣለ ቴፕ ስፒከር ፈትቶ አምጥቶ "ቀዳዳ አብጅልኝ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህችን ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ መልሱ "ዝጋው" ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ቅር ይለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሳጥኑ ከተቃኘበት ድምፅ በላይ የቱቦው አየር በክብደቱ ዘግይቶ ስለሚንቀሳቀስ፣ ኮኑ ወደ ፊት ሲወጣ እሱም አብሮ ይወጣል፤ ሁለቱ ይደመራሉ። ልክ በቅኝቱ ላይ ደግሞ ለማመን የሚከብድ ነገር ይሆናል። ኮኑ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ክፍሉ እየተንቀጠቀጠ ስፒከሩን ብታዩት ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ድምፁን የሚያወጣው ቱቦው ነው። ከቅኝቱ በታች ሲወረድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቱቦው ክብደቱን ያጣና ተራ ቀዳዳ ይሆናል፤ ኮኑ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሩ በቀዳዳው ወጥቶ ይሄዳል፣ የሚይዘው ነገር የለም። ኮኑ ያለ ልኩ ይወራጫል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ዝግ ሳጥን ቤዙን ቀስ እያለ ነው የሚያሳጣችሁ፤ ድምፁ በኦክታቭ፣ ማለትም ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ 12 ዲሲቤል ይወርዳል። ባለ ቀዳዳው ከቅኝቱ በታች በኦክታቭ 24 ዲሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ ሳጥን የሚቃኝ ሰው የሚወስነው ቤዙ የት እንደሚጀምር ሳይሆን የት እንደሚያበቃ ነው። "እኔ እስከ 20 ኸርዝ ድረስ እፈልጋለሁ" የሚለኝን ሰው "ለምን ዘፈን?" ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ወደ መጋዙ እንሂድ። 40 ሊትር ሳጥን አለን እንበል፤ 35 ኸርዝ ላይ ልንቃኘው ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ርዝመቱ 8 ሴንቲ ተኩል ያህል ይበቃዋል። 7 ሴንቲ ቢሆን ወደ 18 ሴንቲ ተኩል ይደርሳል። 10 ሴንቲ ቢሆን 41 ሴንቲ ገደማ፤ ያን ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም፣ ከገባም የኋላውን ግድግዳ ይነካል። "ሁለት ባለ 7 ሴንቲ ቱቦ ላድርግበት" ካላችሁ እያንዳንዱ የሳጥኑን ግማሽ ብቻ ስለሚደርሰው 42 ሴንቲ መሆን አለበት፤ ተስፋ አስቆራጭ ነው። ሒሳቡ የቱቦውን ሁለት ጫፎችም ይቆጥራል፤ ከአፉ ውጭ ያለው አየር ጥቂቱ አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ቱቦው ከእንጨቱ ልክ የረዘመ መስሎ ይሠራል። ርዝመቱን ከኢንተርኔት ማስሊያ የሚያገኝ ሰው ይህ አብሮ መቆጠሩን ያረጋግጥ።

ታዲያ አጭሩን፣ ባለ 5 ሴንቲውን ለምን አንወስድም? በነፋሱ ምክንያት። 35 ኸርዝ ላይ ኃይለኛ ቤዝ ሲመጣ ቱቦው 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ አየር ወዲያና ወዲህ መግፋት አለበት ብለን እናስላ። በ5 ሴንቲ ቱቦ ውስጥ አየሩ በሰከንድ 22 ሜትር ይደርሳል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። ከለንደን መንገዶች ብዙዎቹ ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ አያስነዱም፤ ስፒከራችሁ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቅ ነበር። ከ17 ሜትር በሰከንድ ሲያልፍ ከቤዙ ጋር "ፉፍ፣ ፉፍ" የሚል የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል። በ7 ሴንቲ ቱቦ ያው አየር በሰከንድ 11 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ይታገሣል። በ10 ሴንቲ 5 ሜትር ተኩል ብቻ። ለዚህ ነው የቱቦ ምርጫ ሁሌም ጭቅጭቅ የሆነው፤ ጆሮ ሰፊውን ይፈልጋል፣ ሳጥኑ ጠባቡን። የቱቦውን ጫፍ እንደ ጥሩምባ አፍ ክብ አድርጎ ማለስለስ ትንፋሹን በጣም ይቀንሰዋል። የዎርዚንጎቹ ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስማ የቱቦውን አፍ እንደ ጎልፍ ኳስ ጎድጎድ ጎድጎድ አድርገውታል፤ አየሩ ከጠርዙ ሲለይ እንዳይጮህ።

እኛ ለማለስለስ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ይበቃናል። ቱቦውን ደግሞ ከስፒከር ሱቅ መግዛት አያስፈልግም። እዚህ አገር የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ የጣሪያ ውሃ መውረጃውን ባለ 68 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ወይም የሽንት ቤቱን ባለ 110 ሚሊ ጠይቁ። ሁለቱም ልካቸው የውጭ ነውና ውስጡን ራሳችሁ ለኩ። (ሻጩ "ለምን ትፈልገዋለህ?" ሲላችሁ "ለሙዚቃ" ብላችሁ ፊቱን እዩት።) ከስሌቱ ትንሽ አስረዝማችሁ ጀምሩ፤ መቁረጥ ይቻላል፣ መቀጠል ግን ያስቸግራል። ነገር ግን ስለ ሚሊ ሜትር እንቅልፍ አትጡ። ያንን የ18 ሴንቲ ተኩሉን ቱቦ 15 ሴንቲ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ቅኝቱ ከ35 ወደ 38 ኸርዝ ብቻ ነው የሚሄደው። የሚያሳስበው የሳጥኑ ስንጥቅ ነው። ኮላ ያልነካው መገጣጠሚያ፣ ያልጠበቀ ብሎን፣ የሽቦው መውጫ፤ በነዚህ በኩል አየር ካመለጠ ቅኝት የሚባል ነገር የለም።

ቅኝቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻም። ስልካችሁ ላይ የመረጣችሁትን ኸርዝ የሚያወጣ አፕ ጫኑ፣ ከ60 ኸርዝ ተነሥታችሁ በቀስታ እየወረዳችሁ ኮኑን ተመልከቱ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ነው ታዲያ። እየወረዳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የኮኑ መንቀጥቀጥ ይጨምራል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ይረጋል፤ ትንሽ ስትወርዱ እንደገና ይብሳል። የረጋበት ቁጥር ቅኝታችሁ ነው። ካላመናችሁ አንድ ቁራጭ ሶፍት በቀዳዳው አፍ ላይ አንጠልጥሉ፤ በዚያው ቁጥር ላይ ሶፍቱ ከሁሉ ይበልጥ ይርገበገባል። መልቲሜትር ያለው ሰው ደግሞ ሬዚስተር በተከታታይ አስገብቶ ኢምፒዳንሱን (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበትን ልክ) በየኸርዙ ቢለካ ሁለት ተራራና በመካከላቸው አንድ ሸለቆ ያገኛል፤ ሸለቆው ያው ቁጥር ነው።

ስንት ላይ ይቃኝ? ይህ እንግዲህ በምትሰሙት ላይ ነው። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ነው። አምስተኛ ክር ከተጨመረበት 31። ለአብዛኛው የእኛ ዘፈን ከ35 እስከ 40 ኸርዝ የተቃኘ ሳጥን ምንም አያስቀርባችሁም። ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ፣ 55 ወይም 60 ላይ መቃኘት ግን የራሱ በሽታ አለው። ሙላቱ አስታጥቄን አስቡ፤ በወጣትነቱ እዚሁ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሯል፣ ቀጥሎ በቦስተን በርክሊ ገብቷል፤ በ2009ም ከለንደኖቹ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር አልበም አውጥቷል። የሚጫወተው ቫይብራፎን ከእያንዳንዱ ብረት ሥር የተንጠለጠለ ቱቦ አለው፤ እያንዳንዱ ቱቦ የተቃኘው ለራሱ ብረት ብቻ ነው። የስፒከር ሳጥን ግን ለቤዙ ሁሉ ያለችው አንዲት ቱቦ ናት። ከፍ ብላ በኃይል ከተቃኘች የመጣውን ኖታ ሁሉ ወደ ራሷ ትጎትተዋለች። ቤዝ ጊታሪስቱ ሲወጣ ሲወርድ እናንተ የምትሰሙት አንድ "ዱም" ነው።

በለንደን የሐበሻ ሠርግ የተጠራ ሰው ይህን "ዱም" ያውቀዋል። ሰው ሁሉ የሚከስሰው ኪቦርዱን ነው፤ እኔ ግማሹን ጥፋት ለሞንታርቦው እሰጣለሁ። የአዳራሽ ስፒከር ከቤቱ ይልቅ ከፍ ተደርጎ ይቃኛል፣ የሚፈለግበት ጉልበት ነውና። ያንን ግድግዳ ጥግ አስጠግተው ሲያቆሙት ቤዙ በዕጥፍ ይጨምራል፤ ከዚያ ዲጄው ደግሞ የቤዙን ቁልፍ እስከ ጥግ ያዞረዋል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ማይክራፎኑ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ የሚፈጠረው "ቡፍ" ከሁሉም የከፋው ነው፤ ከቅኝቱ በታች ያለ ድምፅ ስለሆነ ኮኑን የሚይዘው የለም። እዚያ ላይ ነው ስፒከር የሚቀደደው። የታችኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ፊልተር ሚክሰሩ ላይ አለ፣ አንዲት ቁልፍ ናት። ትጫን!

ለፈተና እኔ የምወደው ከበሮ ነው። ተመስገን ዘለቀ የሚመራው፣ መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ክራር ኮሌክቲቭ በክራር፣ በከበሮና በድምፅ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቤዝ ጊታር የሚሸፍነው ነገር የለም። ከበሮው ሲመታ መምታቱ፣ መጮሁና ማቆሙ ሦስቱም ሊሰሙ ይገባል። በደንብ ያልተቃኘ ሳጥን መጮሁን ያበዛል፣ ማቆሙን ይረሳል። በቀኝና በግራ እጅ የተመታው ከበሮ፣ ሰፊውና ጠባቡ ጎን፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተሰማችሁ ጥፋቱን ከበሮ መቺው ላይ ሳይሆን ቱቦው ላይ ፈልጉ።

በነሐሴ መጨረሻ እሑድና ሰኞ ለካርኒቫሉ ኖቲንግ ሂል የወረደ ሰው "ይህ ሁሉ የቀዳዳ ወሬ ከንቱ ነው" ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው፤ እዚያ የሚያንቀጠቅጣችሁ ቤዝ በብዛት ከቀዳዳ አይወጣም። ነገሩ የተጀመረው ዱክ ቪን የተባለ ጃማይካዊ በ1955 ላድብሮክ ግሮቭ ላይ የብሪታንያን የመጀመሪያ ሳውንድ ሲስተም (ሙዚቃ ማጫወቻ ከነ ትልልቅ ስፒከሮቹ) ሲያቆም ነው። ካርኒቫሉ መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ በ1973 አዘጋጁ ሌዝሊ ፓልመር ሳውንድ ሲስተሞቹን አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ የሬጌ ሰዎች ሳጥኖቻቸውን ኮምፔንሳቶ ቆርጠው ራሳቸው ይሠራሉ፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀብተው፣ የይሁዳ አንበሳ ሥለውበት፣ አንዳንዶቹ የጃንሆይን ፎቶ ሰቅለው። በሚያዝያ 2023 ያረፈው የሳውንድ ሲስተም ሰው ጃ ሻካ በአንድ ማጫወቻ ሸክላ ብቻ ሌሊቱን ያነጋ ነበር። ከጃማይካ ደሴት የመጣ ሰው ለንደን ውስጥ በእኛ ባንዲራ ሥር ሆኖ ደረታችሁን ሲያንኳኳው፣ መቼም ለሐበሻ እንግዳ ስሜት ነው።

የእነሱ ሳጥን "ስኩፕ" ይባላል። የስፒከሩ ኋላ ታጥፎ ታጥፎ እየሰፋ በሚሄድ መተላለፊያ አልፎ በትልቅ አፍ ይወጣል፤ ቀንድ ወይም መለከት ነው ማለት ይቻላል። ቀንድ ከተቃኘ ቱቦ ይልቅ ብዙ ጩኸት በጥቂት ጉልበት ይሰጣል፣ ግን ርዝመት ይጠይቃል። የ50 ኸርዝ ድምፅ የሞገዱ ሩብ እንኳ 1.7 ሜትር ነው። ለዚህ ነው ሳጥኖቹ የቁም ሣጥን የሚያህሉት፤ የሚጓጓዙትም በጭነት መኪና ነው። ለመንገድ ተፈጥረዋል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቤቱ ሲደርስ ጎረቤት አለ። ብዙዎቻችን የምንኖረው ለአንድ ቤተሰብ ተሠርተው በኋላ በተከፋፈሉ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች ውስጥ ነው፤ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ከሥሩ ሌላ ሰው ይተኛል። ግድግዳ ድምፅን የሚከለክለው በክብደቱ ነው፤ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር ግን መከላከሉ 6 ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እናንተ ዘፈኑን ስትሰሙ ጎረቤታችሁ ቤዙን ብቻ ነው የሚሰማው፤ ዘፈኑ ቢደርሰው ምናልባት ይወደው ነበር! ሕጉም አስቂኝ ጎን አለው። የ1996ቱ የድምፅ ሕግ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ያለውን ይመለከታል። አካባቢው ጸጥ ያለ ከሆነ ጎረቤት ቤት ውስጥ 34 ዲሲቤልን ማለፍ አይቻልም፤ የሚለካው ግን "ኤ" በሚባለው ሚዛን ነው። ይህ ሚዛን የሰውን ጆሮ ልምሰል ብሎ 40 ኸርዝ ላይ ያለውን ድምፅ በ34.6 ዲሲቤል ዝቅ አድርጎ ይቆጥራል። የእናንተን ቤዝ መሣሪያው አያየውም ማለት ነው። "እንግዲያውስ ነፃ ነኝ" እንዳትሉ። በ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በኩል የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ መጥቶ በጆሮው ሊፈርድ ይችላል፤ ሰውየው ደግሞ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ያውቃል።

ክፍሉም ራሱ ይጨምርበታል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ43 ኸርዝ ላይ ራሱ ያስተጋባል። ሳጥናችሁን 43 ላይ ቃኝታችሁ 4 ሜትር ክፍል ውስጥ ካስገባችሁት ሁለቱ ተባብረው አንዲት ኖታ ያነግሣሉ። ለለንደን ቤት የምመክረው ስለዚህ ቅኝቱን ዝቅ አድርጎ፣ 32 ወይም 35 አካባቢ፣ ግን ድምፁን ለስለስ አድርጎ መሥራት ነው፤ አለዚያም ቀዳዳውን መተው። ዝግ ሳጥን በኛ ሰው ዘንድ ተንቋል፣ ያለ ምክንያት። ቢቢሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለስርጭት መኪናዎቹ ያሠራው ኤልኤስ3/5ኤ የሚባለው ስፒከር 5 ሊትር ያህል ብቻ ነው፣ ቀዳዳ የለውም፤ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ በውድ ይፈልገዋል። ጥልቅ ቤዝ የለውም። ያለውን ግን በትክክል ያቆመዋል።

ባለ ቀዳዳ የገዛ ሰው ደግሞ መንገድ አያጣም። አንዳንዱ ፋብሪካ ከስፒከሩ ጋር የስፖንጅ ውታፍ ይልካል፤ ከሌለ የተጠቀለለ ካልሲ ያገለግላል። ሲወተፍ ሳጥኑ ዝግ ወደ መሆን ይጠጋል፤ ቤዙ ይቀንሳል፣ ግን ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ኮኑም መያዣ ያገኛል። ግማሽ ወተፋም ይሠራል፤ ሞክሩና በጆሮ ፍረዱ። ቀዳዳው ከኋላ ከሆነ ሳጥኑን ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፤ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ያህል፣ ከተቻለ የእጥፉን ያህል ክፍተት ይኑረው፤ ካልሆነ ግድግዳው ራሱ የቱቦው ቅጥያ ሆኖ ቅኝቱን ያወርደዋል። መጋረጃም ከቀዳዳው አፍ ይራቅ፤ በተለይ እዚህ አገር የሚወደደው ወፍራሙ፣ እስከ ወለል የሚደርሰው።